«ገጻችሁ ዲዳ ነው ወይስ ስልኬ?»

(ለመስክ ጽሕፈት ቤቶች ባልደረቦችና ከየአጥቢያው ለመጡ ወጣቶች በተዘጋጀው የአምስት ቀን የኤችቲኤምኤል ሥልጠና መክፈቻ ላይ፣ በአንድ ዲያቆንና የፕሮጀክት ባለሙያ የቀረበ ንግግር)



ይህን ሥልጠና እንድከፍት ስታዘዝ አስቀድሞ የተሰማኝ ኀፍረት ነበር። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። የተማርሁት ነገረ መለኮት ነው፤ ያውም በዲፕሎማ። የሥራ ድርሻዬም የውኃና የጤና ፕሮጀክቶችን መከታተል፣ ዘገባ መጻፍ፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ጋር መነጋገር ነው። ኤችቲኤምኤል የሚባለውን የድረ ገጽ አጻጻፍ የተማርሁት ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ በማታ፣ ራሴ ባጠፋሁት ጥፋት ምክንያት ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ እንደ ሊቅ ሳይሆን ዘግይቶ እንደ ነቃ ተማሪ ነው። ጥፋቱን አስቀድሜ ልናገር፤ ትምህርቱ ከዚያ ይከተላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት አካባቢ የዐይን ሕክምና ዘመቻ ተዘጋጅቶ ነበር። የትራኮማን ነገር ከእናንተ መካከል የማያውቅ የለም። ሕመሙ ሲደጋገም የዐይን ቆብ ከውስጥ ጠባሳ ይይዛል፤ ቆቡ ይኮማተርና ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ የተቀለበሰውም ፀጉር ዐይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። እናቶቻችን በወረንጦ እየነቀሉ ዘመናቸውን ይገፋሉ። ቀዶ ሕክምናው ግን አጭር ነው፤ በጊዜው ከተደረገ የቀረውን ብርሃን ያተርፋል። ሐኪሞቹ የሚቆዩት ለሦስት ቀን ብቻ ስለ ነበር ማስታወቂያውን የማሰራጨት ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። በወረቀት አሳተምሁት፤ ማኅተም ተደረገበት፤ ከዚያም በስልኬ ፎቶ አንሥቼ በድረ ገጻችን ላይ ለጠፍሁት። ማስፈንጠሪያውንም በቴሌግራም ላክሁ። ሥራዬን የፈጸምሁ መስሎኝ ነበር።

ከከተማው ርቀው በአንድ ገጠር ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ አሉ። ዐይናቸው የጠፋው በልጅነታቸው ነው። ቀደም ሲል ከእርሳቸው የተማረ አንድ ሰው፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ መተግበሪያ የተጫነበት ስልክ አምጥቶ ሰጥቷቸዋል። ተማሪዎቻቸው ቁራሽ ፍለጋ ሲወጡ የኔታ ስልካቸውን ከጆሯቸው አስጠግተው ዜና ይሰማሉ። ድምፁ የማሽን ነው፤ ማጥበቅና ማላላትም ይስታል። «ገና» የሚለውን ቃል የልደት በዓል ሲሆንም፣ «እስካሁን» ማለት ሲሆንም አንድ አድርጎ ነው የሚያነበው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማይጽፍ ማሽኑ ከየት ያውቃል? የኔታ ግን አይምሩትም፤ «ይህ ልጅ ንባብ ቤት አልዋለም» እያሉ ይስቁበታል።

ዘመቻው ካለፈ ከሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ገጻችሁ ዲዳ ነው ወይስ ስልኬ?» አሉኝ። እኔም ሳላስብ «ስልክዎ ይሆናል፣ የኔታ» ብዬ መለስሁ። «ስልኬስ ሌላውን ሁሉ ያነብልኛል። የእናንተን ስከፍተው ‹ምስል› አለኝና ዝም አለ። ተማሪ ጠርቼ እንዳላስነብበው ሁሉም ወጥተው ነበር። ሲመለሱ ረሳሁት፤ በኋላ ሳስነብበው ቀኑ አልፏል» አሉ። ቀጥለውም ከደብሩ አጠገብ ስለምትኖር አንዲት እናት ነገሩኝ፤ ፀጉሩን ስትነቅል ዓመታት ያስቆጠረች ናት። ማስታወቂያውን ሰምተው ቢሆን ኖሮ በዚያው ዕለት ይልኳት ነበር። እኚያ እናት በሚቀጥለው ዙር ታክመዋል። በአንደኛው ዐይናቸው ላይ ግን ጠባሳው ቀድሞ ነበር።

በዚያች ሌሊት ያንኑ መተግበሪያ በስልኬ ላይ ጭኜ፣ ዐይኔን ጨፍኜ የራሳችንን ድረ ገጽ ከፈትሁ። ማስታወቂያ፣ ምስል። ማስታወቂያ፣ ምስል። የጨረታው፣ የዘር ድንች ክፍፍሉ፣ የውኃ ኮሚቴዎች ስብሰባ፣ ሁሉም ማኅተም ያለበት ወረቀት ፎቶ ነበር። ለሚያይ ሰው ጽሑፍ፣ ለማሽን ግን የቀለም ነጠብጣብ። ያን ጊዜ ነው ጽሑፍ በገጽ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ለማወቅ የተነሣሁት።

ኤችቲኤምኤል የተጀመረው ከዚህ ጋር በሚቀራረብ ችግር ነው። ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የአውሮፓ የምርምር ተቋም ይሠራ ነበር። ወደዚያ የሚመጡት ተመራማሪዎች ከብዙ አገር የተሰበሰቡ፣ ኮምፒውተሮቻቸውም ልዩ ልዩ ነበሩ፤ አንዱ የጻፈውን ሰነድ የሌላው ማሽን አይከፍተውም። በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ሐሳቡን በጽሑፍ አቀረበ፤ በ1991 ደግሞ የመጀመሪያውን የምልክቶች ዝርዝር አወጣ። ዝርዝሩ ሃያ እንኳ የማይሞላ ነበር። ሰርንም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1993 ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። የመፍትሔው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ጸሐፊው «ይህ ርዕስ ነው፤ ይህ አንቀጽ ነው፤ ይህ ዝርዝር ነው» ብሎ በምልክት ይናገራል፤ እያንዳንዱ ማሽን ደግሞ በአቅሙና በጠባዩ ያቀርበዋል። ትልቁ ኮምፒውተር በሰፊው፣ ትንሹ ስልክ በጠባቡ፣ የየኔታ ስልክ በድምፅ።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በብራና የሚጽፍ ጸሐፊ ሁለት ቀለም ይይዛል፤ ጥቁርና ቀይ። ቀዩ የሚወርደው ገጹ እንዲያምር ብቻ አይደለም። የምዕራፉ መጀመሪያ በቀይ ይጻፋል፤ የአምላክ ስም፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። አንባቢው ቀይ ሲያይ የቃሉን ማዕረግ ያውቃል። ጸሐፊው ስለ ቃሉ ማንነት ተናገረ እንጂ መልኩን አላስጌጠም ማለት ነው። እንግሊዞች ለዚህ ዐይነቱ አጻጻፍ የሰጡት «ማርክአፕ» የሚለው ስምም የመጣው ከማተሚያ ቤት ነው፤ አርታኢው በረቂቁ ላይ ለፊደል ለቃሚው «ይህ ርዕስ ይሁን፣ ይህ ዘንበል ይበል» እያለ በእስክሪብቶ የሚያደርገው ምልክት ነበር። ከቀይ ቀለም የሚለየው፣ የድረ ገጹ ምልክት በአንባቢው ዘንድ አለመታየቱ ነው። ስለማይታይም ልንዘነጋው እንችላለን፤ የእኔ ስሕተት ሥሩ ይኸው ነው።

ምልክቱ «ታግ» ይባላል። በሒሳብ ትምህርት «ያንሳል» እና «ይበልጣል» የምንላቸውን ሁለት ምልክቶች እንደ ቅንፍ ታደርጉና በመካከላቸው የታጉን ስም በላቲን ፊደል ትጽፋላችሁ። ለአንቀጽ «ፒ» የሚለው ፊደል ነው። ይህ መክፈቻው ነው። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ያንኑ ትደግሙና ከስሙ በፊት እዝባር ትጨምራላችሁ፤ ይህ መዝጊያው ነው። በመክፈቻውና በመዝጊያው መካከል ያለው ሁሉ አንቀጽ ሆነ ማለት ነው። ጽሑፉ ራሱ አማርኛ ነው፤ የማይለወጡት ላቲን የታጎቹ ስሞች ብቻ ናቸው። እንግሊዝኛ አልችልም ብላችሁ የምትሰጉ ካላችሁ፣ በዚህ ሳምንት የምትይዟቸው ስሞች ሃያ አይሞሉም፤ ከዳዊት አንድ መዝሙር በቃል ከመያዝ ያንሳል።

አንዱ ታግ በሌላው ውስጥ ሲገባ ሥርዐት አለው፤ በመጨረሻ የተከፈተው አስቀድሞ ይዘጋል። ይህን ለማስረዳት ሰው ሁሉ ሣጥን በሣጥን ውስጥ ይላል። እኔ ግን ቤተ ክርስቲያናችንን አስቡ እላለሁ። ወደ ውስጥ የሚገባ ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ ቅድስት፣ ቅድስትን አልፎ መቅደስ ይደርሳል፤ ሲወጣ ከመቅደስ ዘልሎ ቅኔ ማኅሌት ላይ አይገኝም። በአንቀጽ ውስጥ አንድ ቃል «ስትሮንግ» በሚለው ታግ አጽንታችሁ እንደ ሆነ፣ ስትሮንግን ሳትዘጉ ፒን አትዘጉም። ማሰሻው፣ ብራውዘር የምንለው ፕሮግራም፣ ብዙ ስሕተት ይታገሣል፤ ያልተዘጋውን ራሱ ገምቶ ይዘጋዋል። ይህ ትዕግሥት ለጀማሪ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ያሳንፋል። ዛሬ ገጹ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ደኅና ስለ ታየ ትክክል ነው አትበሉ።

ብዙ ጊዜ የምቆይበት የርዕስ ታግ ነው። ከኤች ዋን እስከ ኤች ሲክስ ስድስት ደረጃዎች አሉት። ኤች ዋን የገጹ ዋና ርዕስ ነው፤ ኤች ቱ በሥሩ ያለው ክፍል፣ ኤች ስሪ የክፍሉ ንዑስ ክፍል፣ እያለ ይወርዳል። ማሰሻው ኤች ዋንን በትልቁ፣ ኤች ፎርን በትንሹ ስለሚያሳይ ጀማሪ ሁሉ የፊደል መጠን መምረጫ ይመስለዋል። እኔም እንዲሁ ነበርሁ። የመጀመሪያዬን ገጽ ስጽፍ ኤች ዋን በጣም ገዘፈብኝና ኤች ፎርን መረጥሁ፤ ለሌላው ደግሞ ርዕሱን እንደ አንቀጽ ጽፌ ፊደሉን አደመቅሁት። ለዐይን ሁለቱም አማሩ። የኔታ ግን ገጽ ሲከፍቱ ከላይ እስከ ታች አያስነብቡም፤ ጊዜም ባትሪም አይበቃም። በጣታቸው እየጠረጉ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላሉ፤ የሚፈልጉትን ሲያገኙ ይቆማሉ። በጎግል የሚፈልግ ሰውም ገጹን የሚያገኘው በአመዛኙ ርዕሱና ጽሑፉ ምን እንደሆኑ ማሽኑ ሲረዳ ነው። በደማቅ ፊደል ብቻ የተጻፈ ርዕስ ለእነዚህ ሁሉ ርዕስ አይደለም። የፊደሉን መጠንና ቀለም የሚወስን ሲኤስኤስ የሚባል ሌላ አሠራር አለ፤ ለዚህ ሳምንት ግን ተዉት። ስለ ውበት መጨነቅ ከጀመርን አምስቱ ቀን በቀለም ምርጫ ያልቃል፤ ደርሶብኝ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ፊደላችን ጉዳይ ልግባ፤ ይህን በእንግሊዝኛ የተጻፉ መማሪያዎች በአንድ መስመር ያልፉታል፤ እኛ ግን ማለፍ አይገባንም። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ለላቲን ፊደላት የተመደበውን ቁጥር እየወሰዱ የእኛን ፊደል ምስል ያስቀምጡበት ነበር፤ ያውም እያንዳንዱ በራሱ አደራደር። በዚያው ፕሮግራም ለሚከፍተው አማርኛ ነው፤ ለሌላው የላቲን ዝብርቅርቅ። በየጽሕፈት ቤታችን መዛግብት ውስጥ እንዲህ የተጻፉ ዘገባዎች እስካሁን አሉ። ጉድጓዱ መቼ እንደ ተቆፈረ፣ ስንት ሜትር እንደ ወረደ የሚናገሩ ዘገባዎች ናቸው፤ ስንከፍታቸው ግን የሚነበብ ነገር አናገኝም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግእዝ ፊደላት የራሳቸውን ቁጥር ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ «ሰ» በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ያው «ሰ» ነው።

ነገር ግን ማሰሻው ጽሑፉ በየትኛው አጻጻፍ እንደ ተቀመጠ ሊነገረው ይገባል። አጻጻፉ ዩቲኤፍ ኤይት ይባላል፤ በዚህም አጻጻፍ አንድ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ማሰሻው ይህን ካላወቀ ሦስቱን ባይት ነጣጥሎ እንደ ሦስት ባዕድ ምልክት ያነባቸዋል። በስልካችሁ ላይ በአማርኛ ፈንታ ጭረትና ነጥብ የተቀጠለባቸው የላቲን ፊደላት ተደርድረው አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ በአብዛኛው ይህ ነው። መድኀኒቱ አንድ መስመር ነው፤ «ሜታ» በሚለው ታግ ውስጥ «ቻርሴት» ብላችሁ ዩቲኤፍ ኤይት ትላላችሁ። ቦታው በፋይሉ መጀመሪያ ነው፤ በሕጉ መሠረት ከመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ መገኘት አለበት። ፋይሉን ስታስቀምጡም በዚያው አጻጻፍ አስቀምጡት፤ መስመሩ አንድ ነገር እየተናገረ ፋይሉ ሌላ ከሆነ ከዝምታም የባሰ ነው።

በዚያው መግቢያ፣ «ሄድ» በምንለው ክፍል፣ ሌሎች ሁለት መስመሮች ይቀመጣሉ። አንደኛው «ታይትል» ነው፤ በማሰሻው አናት ላይ የሚታየው፣ የሚፈልግ ሰውም በዝርዝር የሚያገኘው ስም። ሁለተኛው «ቪውፖርት» የሚል ሜታ ነው፤ ገጹ በስልክ ስፋት ልክ እንዲቀርብ ያደርጋል። አብዛኛው አንባቢያችን ስልክ እንጂ ኮምፒውተር የለውምና አትርሱት። ከሁሉም በላይ በሚገኘው «ኤችቲኤምኤል» በሚለው ታግ ላይ ደግሞ ቋንቋውን ትናገራላችሁ። ለአማርኛ «ኤ» እና «ኤም»፣ ለአፋን ኦሮሞ «ኦ» እና «ኤም»፣ ለትግርኛ «ቲ» እና «አይ»፣ ለግእዝ «ጂ»፣ «ኢ»፣ «ዜድ» የሚሉ ፊደላት ተወስነዋል። አማርኛና ትግርኛ በአንድ ፊደል ስለሚጻፉ ማሽን በፊደሉ ብቻ አይለያቸውም። ቋንቋው ያልተነገረው የድምፅ መተግበሪያ የአማርኛውን ጽሑፍ በሌላ ቋንቋ አፍ ሊያነበው ይሞክራል። የኔታ ያን ቢሰሙ ሳቃቸው አይቀርም፤ ማስታወቂያው ግን አይደርሳቸውም።

ስለ ምስል። ምስል ክፉ ነው እያልሁ አይደለም። የጎለበተ ምንጭ ፎቶ፣ እናቶች ከቦኖው ሲቀዱ የሚያሳይ ፎቶ ከብዙ ዘገባ ይበልጣል። «አይኤምጂ» በሚለው ታግ ይገባል፤ ይህ ታግ መዝጊያ የለውም። ነገር ግን «ኦልት» የሚባል ባሕርይ አለው፤ በዚያ ውስጥ ምስሉ ምን እንደሚያሳይ በቃል ይጻፋል። «ፎቶ አንድ» ወይም «የፕሮጀክት ምስል» ብሎ መጻፍ አለመጻፍ ነው። «በሲሚንቶ የታነጸ የምንጭ ራስ፣ ሁለት ቧንቧ ያለው፣ ዙሪያው በሽቦ የታጠረ» ብትሉ ያላየው አየ። ጽሑፍን ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ሒሳቡን እነሆ። ሁለት ሺህ ፊደል ያለው ማስታወቂያ በጽሑፍ ቢቀመጥ ሁለት ሺህ ጊዜ ሦስት፣ ስድስት ሺህ ባይት ያህል ነው። ያው ወረቀት በስልክ ፎቶ ቢነሣ ሁለት ሚሊዮን ባይት በቀላሉ ይሆናል፤ ከሦስት መቶ እጥፍ በላይ። ኔትወርኩ በኮረብታው ጫፍ ላይ ብቻ ለሚገኝ ገበሬ፣ ዳታ በጥቂት ብር ለሚገዛ ተማሪ፣ ይህ ልዩነት መክፈትና አለመክፈት ማለት ነው። «ማኅተሙስ?» የሚሉኝ የቢሮ ሰዎች አሉ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ አስቀምጡ፤ ጽሑፉ ግን ከላዩ በጽሑፍነቱ ይኑር።

ማስፈንጠሪያ «ኤ» በሚለው ታግ ይሠራል። በውስጡ «እዚህ ይጫኑ» አትበሉ። የኔታ ስልካቸው በገጹ ያሉትን ማስፈንጠሪያዎች ብቻ ሰብስቦ እንዲያነብላቸው ያዝዙታል፤ እርሱም «እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ» ይላቸዋል። «የዘር ድንች ክፍፍል መርሐ ግብር» ብላችሁ ጻፉ። ዝርዝርንና ሠንጠረዥን ረቡዕ እንሠራቸዋለን፤ የውኃ ተቋማትን ሁኔታ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ እንደ ልምምድ እንወስዳለን። እያንዳንዱ ዐምድ በ«ቲኤች» ታግ ስሙ ካልተነገረ፣ «አይሠራም» የሚለው ቃል ስለ ፓምፑ ይሁን ስለ ኮሚቴው ሰሚው አያውቅም። እርግጥ በአንዳንድ ቀበሌ ለሁለቱም ይሆናል።

ለምን ራሳችን እንማራለን፣ ባለሙያ ቀጥረን አናሠራም ወይ የሚል ጥያቄ አስቀድሞ ደርሶኛል። ባለሙያ መቅጠር ተገቢ ነው። ነገር ግን በአንድ ወቅት በምሠራበት አካባቢ በውል የተሠራ ገጽ ነበረን፤ ዓመታዊው ክፍያ ሳይታደስ ቀረና አንድ ቀን ጠዋት ጠፋ። ፋይሎቹ በማን እጅ እንዳሉ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ቢገኙም ከፍቶ የሚያነባቸው አልነበረም። የሦስት ዓመት ዜና ከዚያ ወዲህ አልታየም። የገጹን ውስጥ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው በጽሕፈት ቤቱ ቢኖር ኖሮ፣ ቢያንስ ፋይሎቹን ጠይቆ ይቀበል፣ በፍላሽም ያስቀምጣቸው ነበር። ዛሬ ምልክቱን ሳያሳዩ ገጽ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሞልተዋል፤ ተጠቀሙባቸው፤ ያወጡላችሁን ግን አንብባችሁ አርሙ።

ቴሌግራምና ፌስቡክ አይበቁም ወይ ለሚለው ደግሞ፣ ለዛሬ ዜና ይበቃሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት የተለጠፈውን የችግኝ አተካከል ምክር ግን ከዚያ ክምር ውስጥ ማን ያወጣዋል? ገጽ ግን አድራሻ አለው፤ ባስቀመጣችሁበት ይገኛል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኖትፓድ አለ፤ ማሰሻም አለ። ጽሑፋችሁን በኖትፓድ ጽፋችሁ፣ በስሙ መጨረሻ ነጥብ ኤችቲኤምኤል ጨምራችሁ ስታስቀምጡ በማሰሻ ይከፈታል። ኢንተርኔት አያስፈልግም። ከወርድ ገልብጣችሁ አትለጥፉ፤ የማትፈልጉትን ብዙ ምልክት ይዞ ይመጣል።

የዛሬው ልምምድ በየጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ወረቀት ነው። እርሱም እኔ ፎቶ አንሥቼ የለጠፍሁት የዐይን ሕክምና ማስታወቂያ ነው፤ ማኅተሙ ሳይቀር። እናንተ በጽሑፍ ትሠሩታላችሁ፤ ርዕሱ በኤች ዋን፣ ቀኑና ቦታው በራሳቸው ርዕስ ሥር፣ ማን መምጣት እንዳለበት በዝርዝር ታግ። ከየኔታ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት የሁላችንንም ገጾች በስልካቸው እንልክላቸዋለን፤ እርሳቸውም ሰምተው የሕክምናውን ቀንና ቦታ በቃል ይነግሩናል። ያልነገሩን እንደ ሆነ የገጹ ባለቤት ቁጭ ብሎ እንደገና ይጽፈዋል።

ጄኔሬተሩ የሚሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ኮምፒውተሮቻችሁን ክፈቱ።